ከስሊቭ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሁዳዴን መጾም፦ ሽሮና ምስር ይበቃሉ?

የሜሪላንዷ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ41 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ስሆን የምኖረው በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት ነው። ከዘጠኝ ሳምንት በፊት ስሊቭ የሚባለው የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። ሆስፒታል የገባሁ ዕለት 118 ኪሎ ነበርኩ፤ ዛሬ ጠዋት ስመዘን 99 ሆኛለሁ። እወስዳቸው ከነበሩት ሁለት የስኳር መድኃኒቶች አንዱ ቆሞልኛል፤ ደረጃ ስወጣም ጉልበቴን አያመኝም። ስለዚህ በውሳኔዬ አልተጸጸትኩም። የቸገረኝ አበላሉ ነው።

ከሆስፒታል ስወጣ የተሰጠኝ መመሪያ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን እንድመገብ ያዝዛል። በምሳሌነት የዘረዘራቸው ግን የተርኪ ሥጋ፣ ኮቴጅ ቺዝ፣ የቱና ሰላጣና የመሳሰሉትን ነው፤ እኛ ቤት ዘወትር የሚሠራ አንድም ምግብ አላገኘሁበትም። የሥነ ምግብ ባለሙያዋን ስለ ሽሮ ስጠይቃት በትሕትና አዳምጣኝ «እንደ ሀመስ፣ እንደ ሽምብራ ማባያው፣ ያለ ነው?» አለችኝ። ማስረዳቱ ስለከበደኝ «አዎን» ብዬ ወጣሁ።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ስለ ጾም ነው። ነነዌ በዚህ ሳምንት ገብቷል፤ ሁዳዴም ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። ልጆቼን ካረገዝኩባቸው ጊዜያት በቀር ሁዳዴን ሳልጾም የቀረሁበትን ዓመት አላስታውስም። በጾመ ነቢያት ቀዶ ሕክምናው ገና ስለነበር ከወተት የተሠራውን የፕሮቲን ዱቄት እየበጠበጥኩ ጠጥቻለሁ፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዷ ብርጭቆ ኅሊናዬን ስትቆረቁረው ነበር። ሽሮና ምስር ፕሮቲን ስላላቸው 55ቱን ቀናት በእነርሱ ማለፍ የምችል ይመስለኛል። እንደ ቀድሞው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቼ በቀን ሁለት ጊዜ ብበላ ደግሞ ክብደቱም ቶሎ ይወርድልኛል ብዬ አስባለሁ። ትክክል ነኝ?

ሁለተኛው ስለ እንጀራ ነው። ሁለት ጉርሻ እንደወሰድኩ እዚህ ደረቴ አጥንት ሥር ይቀረቀርና አፌ በምራቅ ይሞላል፤ ውኃ ስጠጣበት ይብሳል፤ ከዚያም ያስመልሰኛል። ይህ በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ ያጋጥመኛል። ሌሎቻችሁ እንጀራ የጀመራችሁት በስንተኛው ወር ነው?

ሦስተኛው የገበታ ጉዳይ ነው። ከባለቤቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። እሑድ እሑድ አክስቴ ቤት እንሰበሰባለን፤ «በሞቴ» ተብሎ የተዘረጋን ጉርሻ እንዴት እንደሚመልሱ የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

የታዘዘልኝን ቫይታሚን በተመለከተ፣ ክኒኑ ትልቅና ሽታው የሚያቅለሸልሽ በመሆኑ ካቆምኩት አንድ ወር ሊሆነኝ ነው፤ በምትኩ የልጆቼን ከረሜላ መሰል ቫይታሚን እወስዳለሁ። ሰሞኑን የእግሬ ጣቶች ይደነዝዙኛል፤ ዘንድሮ ብርዱ ስለበረታ ይመስለኛል። ስለምትሰጡኝ ምላሽ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።


ሲኒ ሙሉ፦

እኅቴ፣ እንኳን በሰላም ወጣሽ። እኔ ዕድሜዬ 58 ነው፤ የዛሬ ስድስት ዓመት ባይፓስ የሚባለውን ነው ያደረግኩት፤ የምኖረውም ከአንቺ ብዙም ሳልርቅ ቨርጂኒያ ነው። የአንቺ ስሊቭ የጨጓራውን አብዛኛውን ክፍል ቆርጦ በማውጣት ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ያስቀራል። የእኔ ደግሞ ጨጓራውን ከፍሎ ትንሽ ከረጢት ያበጅና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ዘልሎ ይቀጥለዋል። በዚህም ምክንያት አይረን፣ ማለትም የብረት ማዕድን፣ እና ካልሲየም የሚመጠጡበት ዋናው ስፍራ በእኔ ላይ ታልፏል። ይህን መናገሬ የእኔ ታሪክ በሙሉ የአንቺ ነው እንዳትዪ ነው።

የሆነው ሆኖ፣ በሁለተኛው ዓመት ሁዳዴን ማንንም ሳላማክር ጾምኩ። ስበላ የነበረው ጠዋት ምንም፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥቂት ማንኪያ ሽሮ፣ ማታ ደግሞ ድንች በካሮት ነበር። ድንቹ ስለሚለሰልስና በቀላሉ ስለሚወርድልኝ እየጣመኝ ሄደ። ሆዴ ይሞላል፤ ራበኝ የሚል ነገር የለም፤ ስለዚህ ሁሉ ደህና መሰለኝ። ለፋሲካ ዶሮ ስሠራ ሽንኩርቱን ማማሰል አቅቶኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ልጄም አይታ ደነገጠች። በሳምንቱ ደሜ ሲመረመር የአይረን ክምችቴ ተሟጥጦ ስለተገኘ በደም ሥር እንዲሰጠኝ ተደረገ፤ ቫይታሚን ቢ12ም ወርዶ ነበር። ፀጉሬ ደግሞ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል ፀጉር መርገፉ የተለመደ ነው፤ ያ ያልፋል። በሁለተኛ ዓመት የሚረግፈው ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

አሁን የምመገበው በቡና ሲኒ ነው። የቤቴን ሲኒ በመለኪያ ስሞክረው 75 ሚሊ ሊትር ያዘ። አንዱን ሲኒ ዓሣ ወይም የተፈጨ ዶሮ ወይም አይብ፣ ሌላውን ግማሽ ሲኒ አትክልት አደርግና መጀመሪያ የፕሮቲኑን እጨርሳለሁ፤ ቦታ ከተረፈ ወደ አትክልቱ እሄዳለሁ። በሻይ ማንኪያ ስለምበላና ማንኪያውን በየጉርሻው መካከል ስለማስቀምጠው ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኛል። ቤተሰቤ ለምዶታል፤ የልጅ ልጄ «የአያቴ ሲኒ» እያለች ታቀርብልኛለች።

እንጀራ የጀመርኩት በአምስተኛው ወር ነው። ለስላሳውና ትኩሱ አይሆንም፤ ውስጥ ገብቶ ይላቆጥና እንደ ቡሽ ይወተፋል። እኔን የተስማማኝ ድርቆሽ ነው፦ አንድ ቁራጭ እንጀራ ምጣድ ላይ እስኪንኮሻኮሽ አደርቅና በደንብ እያኘክሁ ወጡን በማንኪያ እከተላለሁ። ይኸውም ፕሮቲኔን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ስለ ጉርሻው የደረስኩበትን ዘዴ ልንገርሽ። ገበታው እንደቀረበ ቀድመሽ አንቺ አጉርሺ። ለአክስትሽ፣ ለባልሽ፣ ለልጆቹ በየተራ አጉርሻቸው። እጁ ሥራ የያዘን ሰው ማንም ብዙ አያስተውለውም። የግድ ከሆነ ደግሞ አንዲት ጥፍር የምታክል ብቻ ተቀበዪና ሌላው ሲጨምር «ሐኪም መጥኖልኛል» በዪ፤ «ከልክሎኛል» ካልሽ ክርክር ይነሣል። ከአንድ ማዕድ መብላት ሌላም ችግር አለበት፤ ስንት እንደበላሽ አታውቂውም። የራስሽን ትንሽ ሳህን ይዘሽ መሄድ ቢያሳፍርም ይለመዳል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በባይፓስ ሁለተኛ ዓመቴ በአንድ ሠርግ ላይ ግማሽ ብርሌ ጠጅ ጠጥቼ ከወንበሬ መነሣት አቅቶኝ ነበር። አልኮል በእኛ አንጀት በፍጥነት ወደ ደም ይገባልና ለፋሲካ አስቢበት።


የምግብ ባለሙያ፦

በስዊድን አገር በአንድ ሆስፒታል ውስጥ በሥነ ምግብ ባለሙያነት እሠራለሁ፤ የክብደት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችን መከታተል የዕለት ሥራዬ ነው። ወደ ሽሮውና ወደ ጾሙ ከመግባቴ በፊት፣ ጠያቂዋ በመጨረሻው አንቀጽ በጨረፍታ ያለፉትን ነገር ላንሣ፤ ከሦስቱም ጥያቄዎች የሚበልጠው እርሱ ነውና።

በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ ያስመልስዎታል፤ ቫይታሚን ካቆሙ አንድ ወር ሊሞላዎት ነው፤ የእግርዎ ጣቶች ይደነዝዛሉ። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የምንፈራው የቫይታሚን ቢ1፣ ማለትም የታያሚን እጥረትን ነው። ሰውነት የሚያከማቸው ቢ1 ከሁለትና ከሦስት ሳምንት ብዙም አያልፍም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚያስመልሰው ሰው ክምችቱን በቶሎ ይጨርሳል። በእግር መደንዘዝ የሚጀምረው ነገር ወደ አረማመድ መወላገድ፣ ዓይን መንቀጥቀጥና አእምሮ መደነጋገር ሊሸጋገር ይችላል፤ ከዘገየም የማይመለስ ጉዳት ይተዋል። ምናልባት እንዳሉት ብርዱ ይሆናል። ነገር ግን በኢንተርኔት ሆኖ «ብርድ ነው» ብሎ የሚወስን ባለሙያ የለም። ስለዚህ ዛሬውኑ ቀዶ ሕክምናውን ላደረጉልዎ ክፍል ይደውሉ፤ ካላገኙአቸው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እዚያ ሲደርሱ «ስሊቭ አድርጌአለሁ፤ በተደጋጋሚ ያስመልሰኛል፤ እግሬ ይደነዝዛል» በማለት ሦስቱንም በአንድነት ይናገሩ። ግሉኮስ ያለበት ፈሳሽ በደም ሥር የሚሰጥዎ ከሆነ ታያሚኑ እንዲቀድም ይጠይቁ፤ ታያሚን በሌለበት ስኳር መስጠት እጥረቱን ያባብሰዋልና። ከዚህ በተጨማሪም ይህን ያህል ጊዜ ማስመለስ በራሱ መታየት አለበት። የተቀረጸው ጨጓራ አንዳንድ ጊዜ መካከሉ ላይ ሊጠብብ ይችላል።

ቀሪውን ይህን ካደረጉ በኋላ ያንብቡት።

ስለ ሽሮ እንቁጠር። ወፈር ተደርጎ በተሠራ ሽሮ ወጥ ውስጥ፣ በአንድ የቡና ሲኒ መጠን፣ የሚገኘው ደረቅ ዱቄት ከ15 እስከ 20 ግራም ቢሆን ነው። ከሽምብራና ከአተር የተፈጨ ዱቄት ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ፕሮቲን ስለሆነ፣ አንድ ሲኒ ሽሮ የሚሰጥዎ ሦስት ወይም አራት ግራም ነው። የበሰለ ምስር በ100 ግራም 9 ግራም ያህል ስላለው በሲኒ ሲለካ ስድስት ገደማ ይደርሳል፤ ወጡ ከቀጠነ ደግሞ ያንሳል። ወይዘሮ ሲኒ ሙሉ እንደሚያደርጉት በሲኒ እየሰፈሩ፣ በቀን አምስት ጊዜ አንዳንድ ሲኒ ቢበሉ ከ15 እስከ 30 ግራም ያገኛሉ ማለት ነው፤ የታዘዘልዎ ግን ትንሹ 60 ነው። ሽሮ ጥፋት የለበትም። ቀድሞ አንድ ሙሉ ትሪ ስለምንበላ ያጠግበንም ያበረታንም ነበር፤ አሁን ግን ያን ያህል የሚይዝ ጨጓራ የለም። የጎደለው የሚሞላው በዱቄት ነው። ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር የተዘጋጀ የፕሮቲን ዱቄት የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለበት ሲሆን አብሮት በሚመጣው ማንኪያ በአንድ መለኪያ ከ20 እስከ 25 ግራም ይሰጣል። ሁለት መለኪያ ከሽሮውና ከምስሩ ጋር ሲደመር 60 ገደማ ይደርሳል ወይም ያልፋል። እንግዲህ በሒሳብ ረገድ ከሥጋና ከወተት መታቀብ የሚቻል ነው።

የማይቻለው ሰዓቱ ነው። ብዙ ታካሚዎቼ የሚጠይቁኝ «ምን ልተው?» ብለው ነው፤ እኔን ግን የሚያሳስበኝ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ነው። በቀን ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ፈሳሽ ያስፈልግዎታል። ስሊቭ ያደረገ ሰው ደግሞ ግማሽ ሊትር ውኃ አንሥቶ መጠጣት አይችልም፤ ቀኑን ሙሉ ጉንጭ በጉንጭ እያለ ነው የሚያዳርሰው። ከምግብ ጋርም መጠጣት የለበትም፤ ከበላ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ አለበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ቆይተው በቀሩት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ አምስት ትንንሽ ምግብና አንድ ሊትር ተኩል ውኃ በተራ በተራ ማስገባት አይሆንም። መጀመሪያ የሚቀረው ውኃው ነው፤ ቀጥሎ ፕሮቲኑ። ክብደቱ ቶሎ ይወርዳል ያሉትም እውነት ነው፤ የሚወርደው ግን ጡንቻው ጭምር ነው። በዚያ ላይ የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ምን ዓይነት እንደሆነ አላውቅም፤ ነገር ግን ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ ምግብ ሳይበሉ ሲቀሩ ስኳርን ከሚገባው በታች ያወርዳሉ። የእኔ አስተያየት ዘንድሮ አይጹሙ የሚል ነው። ከዓመት በኋላ፣ ክብደቱ ሲረጋና የደም ምርመራው ጥሩ ሲሆን፣ ሰዓቱን ሳይጠብቁ ከሥጋና ከወተት ብቻ ስለ መታቀብ ከሐኪምዎ ጋር መነጋገር ይችላሉ።

ቫይታሚኑን በዱቄት፣ በፈሳሽ ወይም በሚታኘክ መልክ እንዲለውጡልዎ ይጠይቁ። የልጆቹ ከረሜላ መሰል ቫይታሚን አብዛኛውን ጊዜ አይረን የለበትም፤ ቢ1ም ብዙ ጊዜ ይጎድለዋል፤ ቢኖረውም መጠኑ ለእርስዎ አይበቃም። የወር አበባ የምታይ ሴት ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም አይረን ትፈልጋለች። ካልሲየሙ ሲትሬት የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ጨጓራው አሲዱ ቢቀንስም ይመጠጣል። ካልሲየምና አይረን በአንድነት አይወሰዱም፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይለያዩ። ቡናና ሻይም አይረንን ስለሚይዙት ክኒኑን በቡና ሰዓት አይዋጡት። ቢ12 በተክል ምግብ ውስጥ የለም ለማለት ይቻላል። እንዲመጠጥ የሚረዳውን ነገር የሚያመነጨውም ጨጓራ በመሆኑ፣ ይህን ቫይታሚን ቢጾሙም ባይጾሙም ዕድሜ ልክ ነው የሚወስዱት።


ባለ ሽሮው፦

የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ስሊቭ ያደረግኩት ከሀገር ውጭ ሄጄ ሲሆን ሦስት ዓመት አልፎኛል። ባለሙያዋ ስለ እግር መደንዘዙ የተናገሩትን ጠያቂዋ ሳያድሩ እንደሚፈጽሙት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የምጨምረው ከማድቤቱ በኩል ነው፤ ወንድ ሆኜ ወጥ መሥራት የተማርኩት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነውና ይቅር በሉኝ።

ጣዕም የሌለውን የአተር ፕሮቲን ዱቄት ሽሮ ውስጥ እጨምራለሁ። ከወተት የሚሠራው ዱቄት በትኩስ ወጥ ውስጥ ይቋጠራል፤ የአተሩ ግን ከሽሮው ጋር አንድ ይሆናል። ለአንድ ትንሽ ድስት ሁለት መለኪያ አደርጋለሁ። ዘይቱን ቀንሻለሁ፤ በርበሬውንም እንዲሁ፤ በርበሬ ሆዴን ባያመኝም ማታ ቃር ያነሣብኛል። ሽሮውን ወፈር አድርጌ እሠራና በትንንሽ ጎድጓዳ ዕቃ ከፋፍዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ በሥራ ቀን አንዱን አወጣለሁ።

ዱቄቱ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ውድ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሲጠይቀኝ ሌላ ነገር አላዝም። በቀረው ጊዜ እንቁላል፣ አይብ፣ እርጎና ዓሣ ነው የምመገበው። ቆሮሶ በሎሚና በትንሽ ነጭ ሽንኩርት ተቀቅሎ ሲላላጥ ለእኛ ጨጓራ የሚስማማ ነው፤ አጥንቱን በጣት እየፈለጉ ማውጣት የግድ ቢሆንም ቀስ ብሎ ለመብላት ይረዳል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፤ እርሱ የንስሐ አባት ጉዳይ ነው።

ማስጠንቀቅ የምፈልገው ግን ስለ ቆሎ ነው። በሁለተኛው ዓመት ስምንት ኪሎ ተመልሶ መጣብኝ፤ ከየት እንደመጣ ግራ ገባኝ። ሥጋ ሦስት ጉርሻ ስወስድ ያጠግበኛል፤ እንጀራ ሩቡን አልጨርስም። አንድ ቀን እኅቴ ቡና አፍልታ ሳለ እጄን ተመለከትኩት። እየተጨዋወትን ቆሎውን ከለውዙ ጋር እየቆረጠምኩ ሳህኑን ባዶ አድርጌዋለሁ፤ አንዴም አልተቀረቀረብኝም። ሥጋ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል፤ ቆሎ፣ ብስኩት፣ ጭማቂና ስኳር የበዛበት አጥሚት ግን እየወረዱ ሌላው ይከተላል። አሁን ቆሎዬን በሲኒ ሰፍሬ ነው የምቀመጠው።

ስለ ገበታው ከወይዘሮ ሲኒ ሙሉ ጋር አልስማማም። ቀድሞ ማጉረሱ ብልህነት ነው፤ ነገር ግን እስከ መቼ? እኔ አንድ ዓመት ሙሉ «ጨጓራ አለብኝ» ስል ቆይቼ እናቴ በየሳምንቱ ተልባ እየበጠበጠች ታመጣልኝ ጀመር። በመጨረሻ እውነቱን ስነግራት ሦስት ቀን አኮረፈች፤ በአራተኛው ቀን «ታዲያ ምን ልሥራልህ?» አለች።


ከዱባይ፦

እኔም ስሊቭ ካደረግኩ ሰባት ወር ሆኖኛል፤ የቤት ሠራተኛ ሆኜ ቆሜ ነው የምውለው። ረመዳን እየቀረበ ስለሆነ ባለሙያዋ ስለ ውኃው የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ከመግሪብ እስከ ሱሑር ያለው ሰዓት ይበቃል ወይ?


የምግብ ባለሙያ፦

እኅቴ ሆይ፣ በረመዳን ሌሊቱን ነቅተው ጉንጭ በጉንጭ ሊጠጡ ይችላሉ። ነገር ግን በሙቀት አገር ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው የሚያጣው ፈሳሽ ብዙ ነው፤ እንቅልፍም ያስፈልግዎታል። ገና ክብደት እየቀነሱ ባሉበት በዚህ ጊዜ ሐኪም ሳያይዎ አይጀምሩት። ሽንትዎ ከጠቆረ፣ ሲነሡም ካዞርዎ በዚያው ሰዓት ያፍጥሩ። ኢፍጣርን በቴምርና በጭማቂ መጀመር የለመዱ ከሆነ ቴምሯን አንድ አድርገው ጭማቂውን ይተዉት፤ ውኃ ይጠጡና ግማሽ ሰዓት ቆይተው ወደ ፕሮቲኑ ይሂዱ። ሳምቡሳው ከዚያ በኋላ ቦታ ካገኘ ነው።


የሜሪላንዷ፦

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው የምመለሰው፤ ስለዘገየሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መልእክቱን ያነበብኩት ማታ ነበር፤ ባለቤቴም ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰደኝ። የተባልኩትን ሦስቱን ነገር በወረቀት ጽፌ ለነርሷ ሰጠኋት። ሐኪሙ አንብቦ ሲጨርስ ጣቶቼን በትንሽ መሣሪያ ነካክቶ «ይህን ማን ነገረሽ?» አለኝ። ታያሚን በደም ሥር ተሰጠኝ፤ ሦስት ቀን አስተኙኝ፤ አሁንም በክኒን እቀጥላለሁ። የግራ እግሬ መደንዘዝ ለቅቆኛል፤ በቀኝ እግሬ ሁለት ጣቶች ላይ ጥቂት ቀርቷል።

ጨጓራዬ ጠብቦ እንደሆነ ለማየት ነጭ ፈሳሽ አጠጥተው ራጅ አነሡኝ፤ መጥበብ አልተገኘብኝም። ጥፋቱ የአበላሌ ነበር። ልጆቼን ለትምህርት ቤት እያዘጋጀሁ ቆሜ ነው የምበላው፤ ሲቀረቀርብኝም ውኃ እደፋበት ነበር። አሁን ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ማንኪያውን እያስቀመጥኩ እበላለሁ፤ በዚህ ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያስመለሰኝ፤ እርሱም ስቸኩል ነው። እንጀራ እስከ አምስተኛው ወር አልነካም።

ንስሐ አባቴ ጋር ደውዬ ነበር። ለማስረዳት ብዙ ተዘጋጅቼ ሳለ ገና ስጀምር «የሐኪምሽን ቃል ፈጽሚ» አሉኝና ከዚያ በኋላ የጠየቁኝ ስለ እግሬ ብቻ ነው። በጾሙ ፋንታ የዘወትር ጸሎትና ዳዊት ሰጥተውኛል።

ለአክስቴም ባለፈው እሑድ ነገርኳት። ዝም ብላ አዳመጠችኝና ወደ ማድቤት ገባች። የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ ስትመለስ በቡና ሲኒ ሽሮ ይዛ መጣች። ጨርሼ ሲኒውን ሳስቀምጥ ግን ወዲያው ወስዳ ሞልታ መለሰችው፤ «ሲኒ ነው ብለሽ የለም እንዴ፣ ይቺም ሲኒ ናት» አለችኝ።

ባለ ሽሮው ወንድሜ፣ የአተሩን ዱቄት ሞክሬዋለሁ፤ እንዳልከው አንድ አልሆነልኝም፤ እየጓጎለ እንደ ዶቃ ተንሳፈፈብኝ። ሽሮው ፈልቶ ሳለ ነበር የነሰነስኩበት። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?


ባለ ሽሮው፦

እግርዎ ስለተሻለዎት ደስ ብሎኛል። ዱቄቱ ደረቁን አይነሰነስም፤ በቀዝቃዛ ውኃ አስቀድመው እንደ አብሽ በጥብጠው፣ ድስቱን ከእሳት ካወረዱት በኋላ ቀስ እያሉ እያማሰሉ ያንጠብጥቡት። ጨውን በመጨረሻ ይቅመሱት፤ ከዱቄቶቹ አንዳንዶቹ የራሳቸው ጨው አላቸው።